ኦክሲሜትሩ 100 ካለ በኋላ ሳቹሬሽኑ ለምን በአንድ ደቂቃ ተኩል ወረደ? ከባድ ውፍረት ላለባቸው ሕሙማን ከሙሉ ማደንዘዣ በፊት ኦክስጅን ስለ መስጠት

ጥያቄዎ በአጭሩ ይህ ነው። በአንድ የደጋ ከተማ ሆስፒታል የአንስቴዥያ ባለሙያ ሆነው ይሠራሉ። ዕድሜዋ 42፣ ክብደቷ 124 ኪሎ፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ62 የሆነች ታካሚ ለሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ቀረበችልዎ። በጀርባዋ ጠፍጣፋ አስተኝተው ለ3 ደቂቃ በማስክ ኦክስጅን ሰጧት፤ ኦክሲሜትሩ፣ ማለትም ደሟ የተሸከመውን የኦክስጅን መቶኛ (ሳቹሬሽን) ከጣት ላይ የሚለካው መሣሪያ፣ 100 አሳየ፤ የሚያስተኛውን ፕሮፖፎልና ጡንቻ የሚያላላውን ሳክሲኒልኮሊን ሰጡ። ጉሮሮን የሚያሳየውን ላሪንጎስኮፕ አስገብተው የመተንፈሻ ቲዩብ ለማስገባት የድምፅ አውታሮቿን ሲፈልጉ፣ ገና አንድ ደቂቃ ተኩል ሳይሞላ፣ ሳቹሬሽኗ 78 ገባ። በሁለት ሰው እጅ በማስክ አየር እየተሰጣት ተመለሰች፤ ነቃች፤ ቀዶ ሕክምናውም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። አሁን የሚጠይቁት፣ ኦክስጅኑን ከ3 ደቂቃ ይልቅ 5 ደቂቃ ብሰጣት ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር ወይ፣ ካልሆነስ የጎደለው ምንድን ነው የሚል ነው።

የጎደለው ደቂቃ አይደለም። ታካሚዋ ትንፋሿ በቆመባት ጊዜ የምትኖርበት የኦክስጅን ክምችት የሚቀመጠው ሳንባዋ ውስጥ ነው፤ እርስዎ ሲያዩት የነበረው ቁጥር ግን የሚናገረው ስለ ደሟ ነው። ስለዚህ ትኩረታችን ክምችቱ የሚቀመጥበትን ቦታ ማስፋትና ተከፍቶ እንዲቆይ ማድረግ ላይ መሆን አለበት። ይህም በአመዛኙ በአተኛኘትና በግፊት የሚሠራ ሥራ እንጂ በሰዓት የሚሠራ አይደለም። ምክንያቱን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ፤ ምክንያቱ ካልገባን መፍትሔውን በግማሽ እየሠራን የሠራን ይመስለናልና።

ሰው በተለመደው ሁኔታ አየር አስወጥቶ ሲያበቃ ሳንባው ባዶ አይሆንም። በዚያ ቅጽበት ሳንባ ውስጥ የሚቀረው አየር፣ በሙያችን ኤፍአርሲ የምንለው፣ 70 ኪሎ በሚመዝን ጤነኛ ሰው ላይ በጀርባ ሲተኛ 2 ሊትር ተኩል አካባቢ ነው። ተራ አየር በሚተነፍስ ሰው ኤፍአርሲ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም፤ የቀረውን ቦታ የያዘው ናይትሮጅን ነውና። ንጹሕ ኦክስጅን በደንብ ከሚገጥም ማስክ ሲሰጠው ናይትሮጅኑ ታጥቦ ይወጣና ክምችቱ ከ2 ሊትር በላይ ይሆናል። ሰውነቱ በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚጠቀም፣ ትንፋሹ ቢቆም እንኳ ሳቹሬሽኑ 90 እስኪደርስ ወደ 8 ደቂቃ ገደማ ጊዜ አለን።

የእርስዎ ታካሚ ቢኤምአይዋ (ክብደት ከቁመት አንጻር የሚለካበት ቁጥር) 47 ነው። ሆዷና ደረቷ ላይ ያለው ክብደት ድያፍራሙን (ደረትን ከሆድ የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በጀርባዋ ስትተኛ ግፊቱ ይብሳል፤ ማደንዘዣው ጡንቻውን ሲያላላው ደግሞ የሳንባዋ ቦታ ከነበረውም ይቀንሳል። በዚህ ሁኔታ ኤፍአርሲዋ 1 ሊትር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ቢሆን አይገርምም። በሌላ በኩል የምትሸከመው አካል ትልቅ ስለሆነ በደቂቃ የምትጠቀመው ኦክስጅን ከ300 ሚሊ ሊትር በላይ ይሆናል። ሻካራ ስሌት ቢሠሩ፣ ሳንባዋ በኦክስጅን ቢሞላ እንኳ ያላት ጊዜ 3 ደቂቃ አይሞላም። ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ አንድ ጥናት ናይትሮጅናቸው ታጥቦ ትንፋሻቸው የቆመባቸውን ሕሙማን ሲለካ፣ ሳቹሬሽናቸው 90 እስኪደርስ መደበኛ ክብደት ያላቸው በአማካይ 364 ሰከንድ ሲቆዩ፣ ወፍራሞቹ 247፣ ከባድ ውፍረት ያለባቸው ደግሞ 163 ሰከንድ ብቻ ነው የቆዩት።

በዚህ ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል። ኤፍአርሲ ሲያንስ በሳንባ ሥር ያሉት ቀጫጭን የአየር መተላለፊያዎች በእያንዳንዱ ትንፋሽ መጨረሻ ላይ መዘጋት ይጀምራሉ። ደሙ ግን በተዘጋው ክፍል በኩል ማለፉን አያቋርጥም፤ ኦክስጅን ሳያገኝ ያልፋል። ንጹሕ ኦክስጅን ራሱ በዚህ ረገድ ሁለት ጠባይ አለው፤ ክምችቱን ይሞላል፣ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ደም ስለሚገባ በተዘጋው ከረጢት ውስጥ የሚቀር ጋዝ አይኖርምና ከረጢቱ ጭራሹን ይጨማደዳል። በቀጭን ሰው ላይ ይህ ብዙም አያስጨንቅም። 124 ኪሎ ሆና ጠፍጣፋ በተኛች ሴት ላይ ግን የሳንባዋ የኋላ ክፍል ትልቁን ድርሻ ያጣል፤ ኦክስጅኑን የሰጠናት ለመርዳት ቢሆንም።

እዚህ ላይ ነው ወደ 5 ደቂቃው ጥያቄ የምመለሰው። ትንሽ ጄሪካን ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ያልቃል። የታካሚዋ ሳንባ አነስተኛ ስለሆነ ናይትሮጅኑ የሚታጠበው ከቀጭን ሰው ይልቅ ፈጥኖ ነው፤ ማስኩ በደንብ ከገጠመና በቂ ጋዝ ከፈሰሰ በ3 ደቂቃ የሚሞላው ሁሉ ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ደቂቃ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ማስኩ የሚያሾልክ ከሆነ ግን 5 ደቂቃም 10 ደቂቃም ቢሆን ናይትሮጅኑ እየተመለሰ ይገባል። ስለዚህ ሰዓቱን ሳይሆን ማስኩን ይመርምሩ።

ስለ ኦክሲሜትሩ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም አብዛኛው ስሕተት ከዚህ የሚነሣ ይመስለኛል። ሄሞግሎቢን በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ሲደርስ ሊሞላ የተቃረበ ነው። ከዚያ በላይ ሳንባው ውስጥ ያለው ኦክስጅን 40 ከመቶ ይሁን 90 ከመቶ ቁጥሩ ያው 100 ነው። ኦክስጅን በተሰጠ በጥቂት ትንፋሽ ውስጥ 100 ማየትዎ ናይትሮጅኑ ወጥቶ ለማለቁ ማረጋገጫ አይሆንም። ማረጋገጫው በምታስወጣው አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን ነው፤ 90 ከመቶ ወይም ቢያንስ ወደዚያ የተጠጋ እስኪሆን ይጠበቃል። ብዙ ሞኒተሮች ይህን ይለካሉ፤ እኛ ዘንድ ግን የጋዝ መለኪያው አብሮ የማይመጣባቸው ማሽኖች ብዙ ናቸው፤ ያለውም ቢሆን ሴንሰሩ ካለቀበት ሰንበት ያለ ይሆናል። መለኪያው ከሌለ የሚቀረን ዐይንና እጅ ነው፤ ማስኩ በፊቷ ዙሪያ ያለ ክፍተት መግጠሙን፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የማሽኑ ባግ ሲሳብና ሲሞላ መታየቱን፣ ካፕኖግራፍ (በምታስወጣው አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሳይ መሣሪያ) ካለ ደግሞ ሞገዱ ጠፍጣፋ አናት ያለው ሙሉ ቅርጽ መያዙን እናያለን። ባጉ ሳይነቃነቅ ማስኩ ላይ ጭጋግ ብቻ ካዩ፣ ታካሚዋ የምትተነፍሰው ከክፍሉ አየር ጭምር ነው።

አሁን ወደ ደጋው ልምጣ። የሆስፒታልዎ ከተማ ከፍታ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ፣ በባሕር ጠለል በሚገኙ አገሮች የተለካው ሰከንድ ሁሉ ለእርስዎ ያጥርብዎታል። አዲስ አበባን እንውሰድ፤ ከፍታዋ 2,300 ሜትር አልፎ ነው፤ የአየር ግፊቷም 580 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል 760 ነው። የውኃ ትነቱንና የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ድርሻ ስንቀንስ፣ ንጹሕ ኦክስጅን በተነፈሰ ሰው ሳንባ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ጠለል 670 ገደማ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ 500 አይሞላም። በሌላ አነጋገር ያው ሳንባ በዚያው ልኬቱ ተሞልቶ የያዘው ኦክስጅን በሩብ ያህል ያንሳል። ደብረ ብርሃን ላይ ከዚህም ይቀንሳል፤ ጋምቤላና ሰመራ ላይ ደግሞ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አሳሳቹ ነገር፣ የጋዝ መለኪያው የሚናገረው በመቶኛ ስለሆነ፣ 90 ከመቶ የሚለው ንባብ ደብረ ብርሃንም ሆነ ጋምቤላ አንድ ዓይነት ሆኖ መታየቱ ነው። ቀድሜ የሰጠሁትን የ3 ደቂቃ ያህል ስሌት ሩቡን ይቀንሱለት፤ ከዚያም ላይ ጠፍጣፋ መተኛቷንና ሊኖር የሚችለውን የማስክ ክፍተት ይጨምሩ። አንድ ደቂቃ ተኩሉ ከየት እንደመጣ ያኔ ግልጽ ይሆናል። በታካሚዋ ላይ እንግዳ ነገር አልደረሰም።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ ጠፍጣፋ አያስተኟት። ይህ ምንም ወጪ የሌለው፣ ግን ከሁሉም ይልቅ የሚያዋጣው እርምጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ከባድ ውፍረት ባለባቸው ሕሙማን ላይ ጠረጴዛውን 25 ዲግሪ ራስጌውን ከፍ ማድረግን ከጠፍጣፋ ጋር ሲያወዳድር፣ ሳቹሬሽናቸው 92 እስኪደርስ የወሰደው ጊዜ ከ155 ሰከንድ ወደ 201 ሰከንድ አድጎ ነበር። ጠፍጣፋ ከሆነው የሚበልጠው 46 ሰከንድ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ላሪንጎስኮፕ በእጅ ይዞ ኤፒግሎቲሱን (ከድምፅ አውታሮቹ በላይ ያለውን ክዳን) ብቻ ለሚያይ ሰው ግን ሙሉ ሁለተኛ ሙከራ ነው።

ጠረጴዛውን ከማዘንበል በተጨማሪ መደላድሉን መሥራት ያስፈልጋል። የተገዛ ልዩ ትራስ ባይኖር የተጣጠፉ ብርድ ልብሶችና የኦፕራሲዮን ጨርቆች ይበቃሉ። ከትከሻዋ መሐል ይጀምሩና ወደ ራሷ እየወፈረ የሚሄድ ቁልቁለት ይሥሩ፤ ጭንቅላቷ ብቻ ከፍ ካለ አንገቷ ይታጠፋልና አይጠቅምም። ሲጨርሱ ከጠረጴዛው ፈቀቅ ብለው በጎን ይዩዋት፤ የጆሮዋ ቀዳዳና ከአንገቷ በታች በደረቷ አጥንት ጫፍ ላይ ያለው ጎድጓዳ በአንድ አግድም መስመር ላይ መሆን አለባቸው። ከሆኑ ማስክ መያዙም፣ ላሪንጎስኮፒውም፣ ትንፋሿም ይቀልላል። ጡቷ ወደ አገጯ መጥቶ የላሪንጎስኮፑን እጀታ የሚከለክል ከሆነ መደላደሉ ገና ነው ማለት ነው። አንድ ትንሽ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ሹሩባዋ ከኋላ ተጠቅልሎ ከታሰረ ወይም ሻሹ ወፍራም ቋጠሮ ካለው፣ ጭንቅላቷ በቋጠሮው ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል ወይም ወደ ፊት ይጎነበሳል። ከመተኛቷ በፊት፣ እሷኑ አስፈቅደው፣ ቢፈቱት ወይም ወደ ጎን ቢያደርጉት መልካም ነው። መደላደሉ የሚሠራው ነቅታ እያለች መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ሰመመን ከያዛት በኋላ 124 ኪሎ ማንሣት ለማንም አይቻልም። ነቅታ እያለች ራሷን እያስተካከለች፣ የሚመቻትንና የማያስጨንቃትን ትነግርዎታለች፤ ቀና ብላ ስትተነፍስ የሚሰማትም እፎይታ መደላደሉ በትክክል መሠራቱን ያሳያል።

ቀጥሎ ግፊት ነው። ማደንዘዣ ማሽን ካለዎትና ማስኩ በደንብ ከገጠመ፣ የኦክስጅን ፍሰቱን 10 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ አድርገው የማሽኑን ማስተካከያ ቫልቭ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውኃ የሚሆን ግፊት እንዲይዝ ጠበቅ ያድርጉት። ማሽኑ የመተንፈስ ድጋፍ መስጠት ከቻለ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ድጋፍ ይጨመርበት። ግፊቱ የሚዘጉትን መተላለፊያዎች ከፍቶ ይይዛል፤ ማለትም ጋዝ ከመጨመር በላይ የክምችቱን ቦታ ራሱን ያሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሌላ ጥናት ከባድ ውፍረት ያለባቸው ሕሙማን ኦክስጅኑን በ10 ሴንቲ ሜትር ግፊት ሲወስዱና ከተኙም በኋላ በማስክ በዚያው ግፊት አየር ሲሰጣቸው፣ ትንፋሻቸው ከቆመ በኋላ ያላቸው ጊዜ ከ127 ወደ 188 ሰከንድ አድጓል። በ2024 ደግሞ በአሜሪካ የድንገተኛና የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ውስጥ የተደረገ፣ ከ1,300 በላይ ሕሙማንን ያካተተ ትልቅ ሙከራ በግፊት የሚሰጥ ኦክስጅን ከተራ ማስክ ጋር ሲወዳደር በኢንቱቤሽን (የመተንፈሻ ቲዩብ በማስገባት) ጊዜ ሳቹሬሽናቸው ከ85 በታች የወረደውን ሕሙማን ከ18.5 ወደ 9.1 ከመቶ ቀንሷል። ይህኛው ሙከራ የተሠራው በኦፕራሲዮን ክፍል ሳይሆን በከባድ በሽተኞች ላይ ነው፤ ቁጥሩን ለእርስዎ ታካሚ በቀጥታ አልወስደውም፤ አቅጣጫው ግን ተመሳሳይ ነው። ጠቅላላ ግፊቱ ከ20 ሴንቲ ሜትር እንዳያልፍ ይጠንቀቁ፤ አየሩ ወደ ጨጓራ ሲገባ ያገኘነውን ያህል እናጣለን።

ግፊት ያለበት ማስክ ፊት ላይ ሲጠበቅ የሚያስጨንቃቸው ሕሙማን አሉ። ይህን አስቀድመው ቢነግሯት፣ ማስኩን ለመጀመሪያዎቹ ትንፋሾች ራሷ እንድትይዘው ቢፈቅዱላት፣ ግፊቱንም ከዜሮ ጀምረው ቀስ እያሉ ቢያሳድጉት አብዛኛውን ጊዜ ትለምደዋለች። ለማረጋጋት ተብሎ ሚዳዞላም መስጠት ግን ለእንደዚህ ዓይነቷ ታካሚ አልወደውም፤ በተለይ ባለቤቷ ወይም ልጆቿ ማታ ታንኮራፋለች፣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሿ ይቆማል ካሉ። ይህን ጥያቄ በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ቤተሰቧን መጠየቅ ሁልጊዜ ዋጋ አለው።

የማደንዘዣ ማሽን ሳይሆን አምቡ ባግ (በእጅ እየተጫነ አየር የሚሰጥ ከረጢት) ብቻ ባለበት ሁኔታ አንድ የሚታወቅ ወጥመድ አለ። ታካሚዋ በራሷ እየተነፈሰች አምቡውን ሳይጫኑት ማስኩን ፊቷ ላይ ብቻ ካስቀመጡት፣ ብዙዎቹ አምቡዎች በምታስወጣበት ቀዳዳ በኩል የክፍሉን አየር መልሰው ያስገባሉ። የፒፕ ቫልቭ (በትንፋሽ መጨረሻ ላይ ሳንባ ውስጥ ግፊት የሚያስቀር) ቢገጠምበት ይህን ይቀንሳል፤ ግፊትም ይሰጣል። ቫልቩ ከሌለ ማስኩን በሁለት እጅ አጥብቀው፣ ረዳትዎ ትንፋሿን እየተከተለ አምቡውን በቀስታ ይጫን፤ ኦክስጅን የሚያጠራቅመው ሪዘርቯር ባጉም የተገጠመና የተሞላ ይሁን። ኦክስጅኑ የሚመጣው ከኮንሰንትሬተር (ከክፍሉ አየር ኦክስጅን ከሚያጣራ ማሽን) ከሆነ ደግሞ የሚያወጣው ጋዝ ንጹሕ ኦክስጅን ሳይሆን ብዙውን ጊዜ 93 ከመቶ አካባቢ እንደሆነ፣ 5 ሊትር የሚሰጠው ማሽንም ለዚህ ሥራ ፍሰቱ እንደማይበቃ ያስታውሱ። ለእንደዚህ ዓይነት ታካሚ ሲሊንደር ይዘጋጅ፤ መለኪያው ቀድሞ ይታይ፤ በመሐል የሚያልቅ ሲሊንደር ይዞ መጀመር የለም።

ሦስተኛው ነገር ትንፋሽ ከቆመ በኋላ የሚገባው ኦክስጅን ነው። ትንፋሽ ቢቆምም ደም ከሳንባ ኦክስጅን መውሰዱን አያቆምም፤ በምትኩ ወደ ሳንባ የሚመለሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በአፍንጫ በኩል ኦክስጅን ከፈሰሰና የአየር መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ በሚፈጠረው ክፍተት ወደ ታች ይሳባል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ወፍራም ሕሙማን ላይ በአፍንጫ 5 ሊትር ኦክስጅን ሲፈስ ሳቹሬሽናቸው ከ95 በላይ የቆየበት ጊዜ በአማካይ ከ3 ደቂቃ ተኩል ወደ 5 ደቂቃ ከሩብ ገደማ ረዝሞ አግኝቷል። ተራው የአፍንጫ ካኑላ በየሆስፒታሉ አለ፤ ስለዚህ አለመጠቀም አይገባም። ሁለት ማሳሰቢያዎች ብቻ። ካኑላው ከማስኩ ሥር ሲያልፍ ክፍተት እንዳይፈጥር ይዩ፤ ከፈጠረ ኦክስጅን እየሰጡ ሳለ ያውጡትና ማስኩ ሲነሣ መልሰው ያስገቡት። ሁለተኛ፣ መንጋጋዋ ወደ ፊት ካልተሳበና ምላሷ ጉሮሮዋን ከዘጋው በአፍንጫ የሚፈሰው ኦክስጅን የትም አይደርስም። ይህ ዘዴ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አያስወጣም፤ ከሳንባው ሥር የተጨማደደውንም ክፍል አይከፍትም። ስለዚህ በአተኛኘትና በግፊት ላይ የሚጨመር ነው እንጂ የእነርሱ ምትክ አይሆንም። ከፍተኛ ፍሰት ያለው የሚሞቅ የአፍንጫ ኦክስጅን መሣሪያ ያላቸው ሆስፒታሎች የተሻለ ጊዜ ያገኛሉ፤ እኛ ግን ስለ ሌለን ነገር ብዙ ማለት አያስፈልገንም።

ሳክሲኒልኮሊንን በተመለከተ አንድ የቆየ ተስፋ አለ፤ ካልተሳካልኝ ቶሎ ትነቃለች የሚል። የጡንቻ ማላላቱ ለቅቋት ታካሚዋ በበቂ ሁኔታ ራሷ እስክትተነፍስ የሚወስደው ጊዜ ከእርሷ ክምችት በብዙ ይረዝማል፤ ስለዚህ በመሐል ሳቹሬሽኗ ይወድቃል። መነሻው ዕቅድ መሆን ያለበት ትነቃለች የሚለው ሳይሆን፣ ካልገባ በማስክ ወይም በላሪንጂያል ማስክ (በአፍ ገብቶ ከድምፅ አውታሮች በላይ በሚቀመጥ ማስክ) አየር እሰጣታለሁ የሚለው ነው። የመድኃኒቱም መጠን ጊዜን ይነካል። ሳክሲኒልኮሊን የሚሰላው በጠቅላላ ክብደቷ ነው፤ በቀጭን ሰው መጠን ከሰጧት ጡንቻዋ በደንብ ሳይላላ ላሪንጎስኮፑን ይዘው ይጠብቃሉ፣ ክምችቱም እየተጠቀመ ያልቃል። ፕሮፖፎልን ግን ስብ በማይጨምረው ክብደት ይስጡ፤ ለእርሷ ያ ወደ 57 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በ124 ኪሎ ቢያሰሉት የደም ግፊቷን ይጥላሉ። ሱጋማዴክስ ባለበት ቦታ፣ በእርሱ ሊገለበጥ የሚችለው ሌላው የጡንቻ ማላያ ሮኩሮኒየም ጥሩ አማራጭ ነው፤ ያም ቢሆን ታካሚዋን በሰከንዶች የሚያነቃ ነገር አድርገው አይቁጠሩት።

እንግዲህ ከተኛች በኋላ እጅዎን አጣጥፈው የማደንዘዣው ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ በእንደዚህ ዓይነቷ ታካሚ ላይ ትክክል አይመስለኝም። ጨጓራዋ ይመለሳል የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን በዝቅተኛ ግፊት፣ ከ15 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ፣ በማስክ በቀስታ አየር መስጠት ሳቹሬሽን ወድቆ በድንጋጤ በኃይል ከሚሰጥ አየር ይልቅ ለጨጓራም ቢሆን ይሻላል። ያን ጊዜ ማስኩን በሁለት እጅ የሚይዘው ከሁለታችሁ ልምድ ያለው ሰው ይሁን፤ ባጉን ማንም ሊጫን ይችላል። ምላስ አየር መንገዱን እንዳይዘጋ የሚያደርገው የአፍ ኤርዌይም በእጅዎ ቅርብ ይቀመጥ።

መቼ ነው ላሪንጎስኮፑን የማወጣው የሚለውንም ቀድመው ይወስኑ። የጣት ኦክሲሜትር የሚያሳየው ያለፈውን ነው፤ በተለይ እጇ ከቀዘቀዘ እስከ አንድ ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል። ሳቹሬሽን ከ93 በታች ሲሆን ከዚያ በኋላ የሚወርደው በዝግታ ሳይሆን በፍጥነት ነው፤ ሲመለስ ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ በሞኒተሩ ላይ 94 ሲነበብ ማውጣትና አየር መስጠት ይበጃል። በደጋ ከተሞች ሳቹሬሽኗ ገና ተራ አየር ስትተነፍስ 93 ወይም 94 የሆነ ታካሚ ይኖራልና ከኦክስጅኑ በፊት የነበረውን ቁጥር በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ መነሻዋን ሳያውቁ የወረደውን መጠን አያውቁትም። ነርሷ ወይም ረዳትዎ ቁጥሩን ጮክ ብለው እንዲያነቡልዎ አስቀድመው ይንገሩ። ላሪንጎስኮፕ ይዞ የሚያይ ሰው ሞኒተር አያይም።

ለዚህችው ታካሚ በሚቀጥለው ጊዜ አስቀድመው ሊያነሡት የሚገባ ጥያቄ አለ። ሙሉ ማደንዘዣ የግድ ነው ወይ? ለሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ግድ ነው፤ ለሌሎች ቀዶ ሕክምናዎች ግን፣ በተለይ ለቀዶ ወሊድ፣ ከወገብ የሚሰጥ ማደንዘዣ ከዚህ ሁሉ ያድናል። ያለፈው ሙከራ ላይ የድምፅ አውታሮቿ እንዴት እንደታዩ ካልተመዘገበ ደግሞ፣ ቪዲዮ ላሪንጎስኮፕ ወዳለበትና ሁለተኛ ባለሙያ ወደሚገኝበት ሆስፒታል መላክን አይናቁ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አገር አቀፍ የአየር መንገድ ችግሮች ምርመራ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሕሙማን ላይ የአየር መንገድ ከባድ ችግር የመድረሱ ዕድል እጥፍ፣ ከባድ ውፍረት ያለባቸው ላይ ደግሞ አራት እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። ታካሚን መላክ ከአቅም ማነስ የሚቆጠር ነገር አይደለም።

ኢንቱቤሽኑ ሲሳካ ራስጌዋን ወዲያው አያውርዱ። በላሪንጎስኮፒው ጊዜ የተጨማደደውን ክፍል ለመክፈት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ግፊት ለጥቂት ሰከንድ በመያዝ፣ የደም ግፊቷን እያዩ፣ ሳንባዋን ይክፈቱ፤ ከዚያም 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ፒፕ ያስገቡ። ፒፕ ሳያስገቡ ሳንባ መክፈት በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። ቲዩቡን ማውጣትም እንደማስገባት ይታሰብ፤ የጡንቻ ማላላቱ ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ፣ ሙሉ በሙሉ ነቅታ፣ ራስጌዋ ከፍ ብሎ፣ ንጹሕ ኦክስጅን እየተነፈሰች ይውጣ። በማገገሚያ ክፍልም በጀርባዋ ጠፍጣፋ እንዳያስተኟት ነርሶቹን ይንገሩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ወረቀት ይጻፉላት፤ በአማርኛ፣ እሷም ቤተሰቧም ሊያነቡት በሚችሉበት። የደረሰውን፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየች፣ የትኛው አተኛኘትና የትኛው የላሪንጎስኮፕ ምላጭ እንደረዳ፣ በማስክ አየር መስጠቱ ቀላል ወይስ ከባድ እንደነበር ይግለጹበት። ወረቀቱን የሚያነበው የሚቀጥለው ባለሙያ ምናልባት ሌላ ከተማ፣ ሌሊት፣ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚጠራ ሰው ይሆናል።